ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፤ ስለ መንገድ ርዝመትና ስለ ሰዓት አቈጣጠር

በወሎ ሰፈር ለሚኖር ሰው፥ ቀንም ይሁን ሌሊት፥ የአይሮፕላን ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሰፈሩ መስቀለኛ መንገድ ተነሥቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ቦሌ የሚወርድ መንገደኛ፥ መኪና ካልበዛበት በቀር፥ በጥቂት ደቂቃ ከአይሮፕላን ማረፊያው በር ይደርሳል። ስለዚህ የሰፈሩ ሕፃናት እንኳ ድምፁን ሰምተው የሚነሣውን ከሚያርፈው ይለያሉ። ነገር ግን ድምፁን መልመድ ሌላ፥ መንገዱን ማወቅ ሌላ ነው። ይህንንም ያስተዋልነው በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጀመሪያ፥ ጎረቤታችን የሆኑት አንዲት የተከበሩ እናት ቡና ጠርተውን ከቤታቸው በተገኘንበት ቀን ነው።

የእኒህ እናት ልጅ ባሏን ተከትላ ወደ አሜሪካ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። የምትኖረውም ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሳለች ሐኪሞቹ የመውለጃዋ ጊዜ በሰኔ አጋማሽ መሆኑን ቢነግሯት፥ «እማዬ፥ አንቺ ካልመጣሽልኝ አራስ ቤቴን ማን ይይዝልኛል?» ብላ በስልክ ለመነቻቸው። እናትም የገንፎ ዱቄታቸውን አስፈጭተው፥ ሽሮና በርበሬያቸውን አዘጋጅተው፥ የይለፍ ወረቀታቸውን አውጥተው፥ ትኬታቸውን አስቈርጠው ተሰናድተው ነበር። የቀራቸው ነገር ቢኖር የልብ መጽናት ብቻ ነው። ለምን ቢሉ እኒህ እናት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የስኳር በሽታ አለባቸው። በየቀኑ ጠዋት በ1 ሰዓትና ማታ በ1 ሰዓት፥ ማለት በየ12 ሰዓቱ፥ የኢንሱሊን መርፌ ይወጋሉ።

ትኬቱ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ወንድማቸው፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን በጸሓፊነት ያገለገሉ፥ ሂሳብም የሚያውቁ ሽማግሌ፥ መነጽራቸውን አድርገው በፈረንጅ አቈጣጠር የታተመውን ሰዓት ወደ እኛ አቈጣጠር እየመለሱ አነበቡት። ከአዲስ አበባ ሰኔ 10 ቀን ከምሽቱ በ4 ሰዓት ይነሣል፤ ዋሽንግተን ሰኔ 11 ቀን ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ይደርሳል። በሚመለስበትም ጊዜ ከዋሽንግተን ከጠዋቱ በ5 ሰዓት ተነሥቶ፥ በማግሥቱ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት አዲስ አበባ ይገባል። ከዚህ በኋላ በጣታቸው ቈጥረው፥ «እኅቴ ሆይ፥ አይዞሽ፤ መሄጃሽ 10 ሰዓት ብቻ ነው። መመለሻሽ ግን 20 ሰዓት ነውና ያን ጊዜ ትደክሚያለሽ» አሏቸው።

የቤቱ ታናሽ ልጅ ግን ይህን ሲሰማ ዝም ማለት አልቻለም። «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መሄጃው 17 ሰዓት ነው፤ መመለሻው 13 ሰዓት ነው» አለ። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ እኔ ከወረቀቱ ነው የማነበው፤ አንተስ ከምን አገኘኸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ከአየር መንገዱ ሰዎች መስማቱን ተናገረ እንጂ ምክንያቱን ማስረዳት አቃተው።

በዚህ ጊዜ እናትዮዋ የቡናውን ስኒ አስቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «ወረቀቱ አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው፤ ቍጥሩ ስለ ምን አራት ሆነ? እናንተ የተማራችሁት እንኳ ካልተስማማችሁበት እኔ ይህን መንገድ እንዴት አምኜ እሄዳለሁ?»

እኛም በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ጨዋታ ቈጥረነው ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው ለእኅታቸው የጻፉላቸውን የመድኃኒት ሰሌዳ ባየን ጊዜ ጨዋታ አለመሆኑን ተረዳን። ሰሌዳው፥ «ሰኔ 10 ከቤት ሳትወጪ ከምሽቱ በ1 ሰዓት ተወጊ፤ ሁለተኛውን ዋሽንግተን እንደ ወረድሽ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ተወጊ» ይላል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት 13 ሰዓት ነውና አንድ ሰዓት ብቻ የዘገየ ይመስላል። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በዚህ ሰሌዳ ቢሄዱ ኖሮ መርፌው የሚወጋው ካለፈው 20 ሰዓት ቈይቶ፥ ከተገባው ጊዜ 8 ሰዓት ዘግይቶ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለእኒህ ቤተ ሰብ ያስረዳነውን፥ ወላጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር ለሚሸኙ ሁሉ ይጠቅማል ብለን በዚህ ገጽ እንጽፈዋለን።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ እንናገር። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በራሷ ላይ ትዞራለች። ክብ ነገር ሁሉ 360 ዲግሪ ተብሎ ስለሚከፈል፥ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች ማለት ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲለካ 116 ዲግሪ ያህል አለ። ይህ ለ15 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በእንጦጦ ላይ እኩለ ቀን ከሆነ በኋላ በዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ ይህን የሚያህል ጊዜ ይፈጃል። የአሜሪካ መንግሥት ግን በበጋቸው ወራት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያደርግ፥ ልዩነቱ በዚያ ወራት 7 ሰዓት፥ በክረምታቸው ወራት 8 ሰዓት ይሆናል። የእኛ ሰኔ ለእነሱ የበጋ ወር ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ ልዩነቱ 7 ነው።

አይሮፕላን ጣቢያዎችም በትኬት ላይ የሚጽፉት የየአገሩን ሰዓት ነው። የመነሻው ሰዓት የአዲስ አበባ ነው፤ የመድረሻው ሰዓት የዋሽንግተን ነው። ሽማግሌው አንዱን ከሌላው የቀነሱት ሁለቱ ከአንድ ግድግዳ ሰዓት የተነበቡ መስሏቸው ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በዋሽንግተን ማለት በወሎ ሰፈር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ቀን 9 ሰዓት ሲቈጠር 17 ሰዓት ይሆናል። ስለ መመለሻውም እንዲሁ ነው። በዋሽንግተን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ማለት በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ሲቈጠር 13 ሰዓት ይሆናል።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ጥቂት አሰቡና እርሳሳቸውን አንሥተው የራሳቸውን ቍጥር ደመሩ፤ 10 እና 20፥ 30 ሆነ። የልጁንም ደመሩ፤ 17 እና 13፥ ይህም 30 ሆነ። «እንግዲያስ በመሄጃው የጎደለው 7 ሰዓት በመመለሻው ተጨምሮ ኖሯል፤ እኔና አንተ በድምሩ አልተጣላንም» ብለው ሣቁ። እኛም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ልናመጣላቸው ባልቻልን ነበር። መንገደኛው ሰዓቱን ለምዕራብ አበድሮ ሲሄድ፥ ሲመለስ ሳይጎድል ይቀበለዋል።

ነገር ግን እናትዮዋ ነገሩ ገና ግማሽ መሆኑን አስተዋሉ። «ሰዓቱስ ገባኝ፤ መንገዱ አንድ ከሆነ ግን ሲሄዱ 17 ሲመለሱ 13 የሆነው ስለ ምንድር ነው? ቁልቁለት አለበትን?» አሉ። ይህም ጥያቄ ከሊቅ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው።

ስለ መንገዱ ርዝመት ለማስረዳት ከልጁ የትምህርት ዕቃ መካከል የምድርን ሉል አስመጥተን፥ ከእናትዮዋ የፈትል ክር ለምነን፥ አንዱን ጫፍ በአዲስ አበባ፥ ሁለተኛውን በዋሽንግተን ላይ አድርገን ወጠርነው። ክሩ በሱዳን፥ በሊቢያ፥ በአልጄሪያ፥ በእስፓኝና በፖርቱጋል ላይ አልፎ ታላቁን ውቅያኖስ ተሻገረ። በውቅያኖሱም መካከል ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ከዚያ ወደ ታች ተመለሰ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይህ መንገድ ጠማማ መስሎ ይታያል፤ በክብ ምድር ላይ ግን ከእርሱ የሚያጥር የለም። ርዝመቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ቍጥር ለማስተዋል የአባቶቻችንን ጉዞ ማሰብ ይበቃል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቅሎ የያዘ መንገደኛ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢገሰግስ በ16 ቀን ይገባል። በዚሁ አካሄድ ባሕሩ እንደ የብስ ሆኖለት ወደ ዋሽንግተን ቢሄድ ኖሮ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ይፈጅበት ነበር። በ1911 ዓ.ም. ደጃዝማች ናደው፥ ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ከመንግሥት ተልከው ወደ ዋሽንግተን በሄዱ ጊዜ፥ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ በደረሰው በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው በመርከብ ባሕሩን ተሻገሩ። በዚያ ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ እየሄደ ጅቡቲ ለመድረስ ብቻ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ዛሬ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ዋሽንግተን ደርሶ ሊመለስ ይችላል።

የአይሮፕላኑም ነገር በአገራችን ቀስ በቀስ ያደገ ነው። መጀመሪያ አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያ ጊዜ አይሮፕላኖቹ የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄት አይሮፕላኖች በመጡ ጊዜ ግን ሰፊውና ረጅሙ የቦሌ ማረፊያ ተቀበላቸው። ወደ ዋሽንግተንም ዘወትር መመላለስ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለነገራችን የሚስማማው የግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ጉዞ ነው። በዚያን ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ባለ ሁለት ሞተር ቦይንግ 767 አይሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። የሄደበትም መንገድ 12,082 ኪሎ ሜትር ነበርና፥ በዚያ ዘመን ሁለት ሞተር ባላቸው የመንገደኛ አይሮፕላኖች ዘንድ እንዲህ ያለ ርቀት ተሂዶ አያውቅም ነበር። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ ቍጥር በክር ከለካነው በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። አይሮፕላን የአየሩን ሁኔታ፥ የነፋሱን አቅጣጫና የመንግሥታትን ፈቃድ እያየ ይሄዳል እንጂ የክርን መንገድ አይከተልም። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአገሩ ሰማይ ለመንገደኛ አይሮፕላኖች በመዘጋቱ ብዙ አይሮፕላኖች ዙሪያውን ለመሄድ ተገደው ነበር።

ደግሞም ያ ጉዞ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አገር ቤት እንጂ ወደ ምዕራብ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የእናትዮዋ ጥያቄ መልስ በዚህ ውስጥ አለና። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንዱ ነፋስ፥ ሁለተኛው የከተማችን ከፍታ ነው።

ስለ ነፋሱ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፥ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አይሮፕላን ዋሽንግተን ወደ እርሱ ስለምትመጣለት ቶሎ መድረስ ነበረበት» ይላሉ። ይህ ግን ስሕተት ነው። አየሩም አይሮፕላኑም ከምድር ጋራ አብረው ይዞራሉ። በሚሄድ ባቡር ውስጥ የቆመ ሰው ወደ ላይ ቢዘል ከዘለለበት ቦታ ይወርዳል እንጂ ወደ ኋላው ሠረገላ አይወድቅም፤ ነገሩ እንደዚህ ነው። ነገር ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በራቀው አገር፥ አይሮፕላኖች በሚሄዱበት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። የሚመጣውም የሞቃቱ አገር አየርና የብርዱ አገር አየር ከሚገናኙበት ነው፤ የምድርም መዞር ወደ ምሥራቅ ይመራዋል። ይህ ነፋስ አንዳንድ ጊዜ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል።

እንግዲህ ምሳሌ እናድርግ። በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይሮፕላን 12,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን፥ ነፋሱም በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፥ በፊቱ ሲመጣበት ፍጥነቱ 850 ሆኖ በ14 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይደርሳል። በኋላው ሲገፋው ግን ፍጥነቱ 950 ሆኖ በ12 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይደርሳል። በነፋስ ብቻ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ይሆናል ማለት ነው። እናትዮዋ «ቁልቁለት አለበትን?» ያሉት ስለዚህ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ቁልቁለቱ የምድር ሳይሆን የነፋስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። የዋሽንግተኑ የደለስ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቦሌ ግን 2,334 ሜትር ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። የባልትና ባለሙያዎች ይህን ሳያውቁት ያውቁታል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሙቀት ገደማ ነው እንጂ እንደ ባሕር ዳር አገር በ100 አይደለም፤ ስለዚህ ንፍሮ ለመብሰል ይዘገያል። አይሮፕላንም ክንፉ የሚደገፈው በአየር፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ስለ ሆነ፥ አየሩ ሲሳሳ ለመነሣት ብዙ መንደርደር ያስፈልገዋል፤ የሚያነሣውም ጭነት ይቀንሳል። ዳገት የምትወጣ በቅሎ ጭነት እንደሚቀነስላት፥ ከቦሌ ለሚነሣውም አይሮፕላን ክብደቱ ይመጠንለታል።

ስለዚህ ወደ ምዕራብ በሚሄድበት ጊዜ መንገደኛውን፥ ዕቃውንና በነፋስ ላይ ለሚደረገው ረጅም ጉዞ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። በዚህም ምክንያት በመንገድ ወርዶ ነዳጅ ይጨምራል። ይህም ማረፊያ በየዘመኑ አንድ ጊዜ ሮማ፥ አንድ ጊዜ ደብሊን፥ አንድ ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ ሎሜ ሆኗል። ሁለቱን ክር ቀጥለን ስንለካ መንገዱ በደብሊን በኩል 11,800፥ በሎሜ በኩል 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በማረፊያው የሚጠፋው ጊዜ፥ የሚጨመረው መንገድና የሚቃወመው ነፋስ ተደምረው 13 የነበረውን 17 ያደርጉታል። ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ስፍራ፥ ከወፍራም አየር ላይ፥ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል፤ ነፋሱም ከኋላው ይገፋዋልና የትም ሳይወርድ ይገባል። በቢሾፍቱ አጠገብ፥ አቡሴራ በተባለው ስፍራ፥ አዲስ ማረፊያ እንዲሠራ ከታሰበባቸው ምክንያቶች አንዱ ስፍራው ከቦሌ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው።

ሽማግሌው ይህን ከሰሙ በኋላ የጻፉትን የመድኃኒት ሰሌዳ አንሥተው በሁለት እጃቸው ቀደዱት። ሰው የጻፈውን በራሱ እጅ ሲቀድ ማየት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነውና ለትሕትናቸው አክብሮታችን ጨመረ። እኛም ሐኪም ስላልሆን ሌላ ሰሌዳ ለመጻፍ አልደፈርንም። በማግሥቱ እናትና ልጅ ትኬቱን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ። ሐኪሙም በአይሮፕላን ውስጥ ሳሉ የወሎ ሰፈርን ሰዓት እንዲከተሉ፥ ሁለተኛውን መርፌ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፥ ማለት ከተነሡ 9 ሰዓት ሲሆን፥ ምግብ ቀርቦላቸው እንዲወጉ፥ ከደረሱ በኋላም ወደ አገሩ ሰዓት እንዴት ቀስ ብለው እንደሚዛወሩ መጠኑን ቈርጦ ጻፈላቸው። ይህ ትእዛዝ ለእሳቸው ብቻ የተሰጠ ነው። እንደዚህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ የራሱን ሐኪም ይጠይቅ እንጂ የሌላውን ሰሌዳ አይከተል።

ከዚህም ሌላ ለማንኛውም ሽማግሌ መንገደኛ የሚጠቅም ምክር ተሰጣቸው። ኢንሱሊን ከብርድ የተነሣ እንዳይበላሽ በእጅ ቦርሳ እንጂ በአይሮፕላኑ ሆድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይደረግም። የሐኪሙም ደብዳቤ ከእርሱ ጋራ ይያዛል። ብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ በእግር ሥር ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ፥ በየጊዜው ተነሥቶ በመተላለፊያው ጥቂት መራመድ፥ ተቀምጠውም ሳሉ እግርን ማንቀሳቀስ ይገባል። የአይሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ ነውና ውሃ አዘውትሮ መጠጣት መልካም ነው። ቋንቋ የማያውቁ ከሆነ ደግሞ የበሽታቸው ስም፥ የመድኃኒታቸው ስምና የሚቀበላቸው ሰው ስልክ በአገራችንና በእንግሊዝ ቋንቋ ተጽፎ ከእጃቸው ይሁን።

ልጁም በበኩሉ ለእናቱ ሁለት የእጅ ሰዓት አዘጋጀ። አንዱን በወሎ ሰፈር ሰዓት ሞልቶ በቀኝ እጃቸው፥ ሁለተኛውን በዋሽንግተን ሰዓት ሞልቶ በግራ እጃቸው አሰረላቸው። «በቀኙ መድኃኒትሽን፥ በግራው ልጅሽን አስቢ» አላቸው። ሰኔ 10 ቀን ማታ ዝናብ እየዘነበ ወደ ቦሌ ሸኘናቸው። በሩ ላይም ዞር ብለው፥ «10 ቢሆን 17 ቢሆን ልጄ ሳትወልድ ያድርሰኝ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አሉን። ያን ሁሉ ሂሳብ ከሠራን በኋላ ይህን በሰማን ጊዜ፥ ለካ እኒህ እናት ከመጀመሪያው የሚቈጥሩት ሰዓት ሌላ ኖሯል ብለን አሰብን።

በማግሥቱ፥ ሰኔ 11 ቀን፥ ከምሽቱ በ4 ሰዓት የቤቱ ስልክ ጮኸ። እናትዮዋ ከተነሡ ልክ 24 ሰዓት ሆኖ ነበር። በዚያ አገር ጠዋት በሰላም ወርደው፥ ከማረፊያው በቀጥታ ልጃቸው ወደ ተኛችበት ሐኪም ቤት ተወስደው፥ እጇን ይዘው ሳሉ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ። መርፌውንም በሰዓቱ መወጋታቸውን ሳይጠየቁ ተናገሩ።

ከደስታው በኋላ በወሎ ሰፈር አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ሕፃኑ በየትኛው ቀን ተወለደ ይባላል? በዚያ አገር ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ ሰኔ 11 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። በእኛ ዘንድ ግን መሽቶ ለሰኔ ሚካኤል አጥቢያ ሆኗል። ጎረቤቶች ሁሉ «የሚካኤል ልጅ ነው» አሉ። ሽማግሌው ግን የቤተ ሰቡ ልደት የሚጻፍበትን ዳዊታቸውን አውጥተው፥ ሰው የሚወለደው በተወለደበት ምድር ፀሐይ ነው፤ የአርባ ቀኑም ቍጥር ከዚያ ይጀመራል ብለው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፤ «ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን አጠገብ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ በወሎ ሰፈር ከምሽቱ 4 ሰዓት፤ ልዩነቱ 7 ሰዓት።» የመጨረሻዋን ቃል በጻፉ ጊዜ ወደ እኛ ተመልክተው ፈገግ አሉ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከባሕር ማዶ ልጅ፥ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሁለቱን አገር ሰዓት አብሮ ማንበብ ቢለምድ፥ ወላጁን በሚሸኝበትም ጊዜ የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት በአንድ አገር ሰዓት መልሶ በወረቀት ላይ ቢጽፍለት፥ ብዙ ድካምና ብዙ ስሕተት ይቀርለታል። መንገዱን ነፋስና የአገር ከፍታ ያረዝሙታል፤ ይህን ለመለወጥ በእኛ እጅ ያለ ነገር የለም። የቍጥሩን ስሕተት ማረም ግን በእጃችን ነው። ለመንገደኞች ሁሉ መልካም ጉዞ፥ ለሚጠብቋቸውም መልካም መገናኘትን እንመኛለን።